የተራቡት ሳህኖች

ቴክኒሻኗ ስድስት ሳህኖች ከሙቀት ሳጥኑ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ስትደረድራቸው ደሟ ፈላ። ሴሎቹ የሚኖሩበት ቀይ ፈሳሽ ቢጫ ሆኗል። ፈሳሹ ምግባቸው ነው፤ ስኳሩን ጨርሰው በገዛ ቆሻሻቸው ውስጥ ሲቀሩ እንዲህ ይሆናል። ሦስት ቀን ሙሉ ምግብ የቀየረላቸው የለም ማለት ነው።

በዚህ ላቦራቶሪ ሰው የሚመግበው የራሱን ሳህን ብቻ ነው። መድኃኒት ያልተጨመረባቸው ሌሎቹ ስድስት ሳህኖች የእሷ ናቸው፤ ቅዳሜ መጥታ መግባቸዋለች። መድኃኒት የተጨመረባቸው እነዚህ ደግሞ የዶክተሩ ናቸው። ዶክተሩ ቅዳሜም እሑድም ሰርግ ላይ ነበር።

አሁን ጥርሱን መክደን አቅቶት ገባ።

"የጠዋቱን ናሙና ውጤት አየሽ? መድኃኒታችን በሽታውን የሚያመጣውን ጂን ጸጥ አድርጎታል! በይ ሪፖርቱ ላይ ፈርሚ።"

"ጸጥ ያደረገው ረሃብ ነው፣ ዶክተር።"

"ምን?"

"እርስዎ ራስዎ አይደሉ ያስተማሩኝ? ጂኑ ያለበት ክር ፕሮቲን ላይ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ሴሉ ስኳር ሲበላ ኢንዛይሙ ከስኳሩ የተገኘችውን ቅንጣት ወስዶ ፕሮቲኑ ላይ ይለጥፋል፤ ጥቅሉ ይላላል፣ ጂኑ ይነበባል። ሴሉ ካልበላ ኢንዛይሙ የሚለጥፈውን ከየት ያመጣል? ጥቅሉ ይጠብቃል፣ ጂኑም አይነበብም። የእኔዎቹ ጠግበው፣ የእርስዎ ተርበው፣ ምኑን ከምን ነው ያወዳደርነው?"

"ትንሹን ነገር አታካብጂ። የሚጠብቁን በሽተኞች አሉ፤ መድኃኒቱን በእነሱ ላይ ለመሞከር የቀረን ይህ ሪፖርት ብቻ ነው።"

ይህን ሲላት ቆሽቷ አረረ። ከነዚያ በሽተኞች አንዱ ታናሽ ወንድሟ ነው። ስድስት ዓመት በእግሩ ያቆመውን ኪኒን ትቶ አዲሱን ሊጀምር ተመዝግቧል። ትናንት እንኳ "እህቴ የሠራችው መድኃኒት ነው" እያለ ጎረቤቱ ፊት ሲጎርር ነበር።

"ሥራው እንደገና ይሠራ" አለች።

"አስር ቀን ይፈጃል። ሌሎች ይቀድሙናል።"

"ይቅደሙን!"

ዶክተሩ ዓይኑን በጨው አጥቦ እስክሪብቶውን ዘረጋላት። "ለመሆኑ ቅዳሜ ስትመጪ ሳህኖቼን አላየሻቸውም?"

አይታቸዋለች። ያኔም ቀለማቸው መለወጥ ጀምሮ ነበር። የሰው ሳህን ምን አገባኝ ብላ ሳጥኑን ዘግታ ሄዳለች። ይህን ስታስታውስ የንዴቷ ግማሽ ወደ ራሷ ዞረ፤ የቀረው ግማሽ ግን አልበረደም።

እስክሪብቶውን ተቀበለችው። ዶክተሩ እፎይ አለ። እሷ ከፊርማው ቦታ በላይ ጫን አድርጋ ጻፈች፦ "መድኃኒት ያለባቸው ሳህኖች ሦስት ቀን አልተመገቡም። ቅዳሜ አይቻቸዋለሁ፤ የእኔ ስላልሆኑ ዝም ብዬ ወጥቻለሁ።"

"አብደሻል? ራስሽን እኮ ነው የምታስባርሪው!"

"ልባረራ!" አለችና ፈረመች።