ለጌም ካምፓኒው የተጻፈ ማመልከቻ

ደባርቅ ፍርድ ቤት አጥር ሥር ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሕግ አልተማርኩም፤ የተማሩ ሰዎች የጻፉትን ግን ብዙ ጊዜ አርሜያለሁ። የድንበር ክርክር ከዳባት፣ ፍቺ ከአዲ አርቃይ ይመጣልኛል። በጌም ማሽን ጉዳይ የመጣችብኝ ሐመልማል ብቻ ናት።

ሐመልማል ከመናኸሪያው ጀርባ በአራት ማሽን ኳስ ጌም የምታጫውት ሴት ናት። ማሽኖቹ አሮጌ ናቸው። ሲግሉባት ትፈታቸውና አቧራቸውን በጥርስ ብሩሽ ትጠርጋለች። የፊዚክስ መምህሩ እንኳ ሬዲዮውን የሚያሠራው እሷ ጋ ነው፤ በጓሮ በር በኩል።

«ጋሽ አለምነህ፣ አንድ ካምፓኒ ይክሰሱልኝ» አለችኝ።

«ምን አደረገሽ?»

«አዲስ ማሽን አወጣሁ ብሎ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ ለአሮጌው ማሽን የዓመቱን የኳስ ጌም አልሠራም አለ።»

ካምፓኒው ባሕር ማዶ ስለሆነ ማመልከቻ ይሻላል አልኳት። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። አስፋልቱ ዳር ሌላ ጌም ቤት ያለው ያርጋል አዲሱን ማሽን አስገብቷል። ልጆቹ የአምናውን ቡድን አንጫወትም ካሉ የእሷ ቤት ይዘጋል፤ እሷም ጎንደር ወርዳ እህቷ ላይ ጥገኛ ልትሆን ነው።

እውነቱን ለመናገር ካምፓኒውም አሳዝኖኛል። ላረጀ ዕቃ ስንት ዓመት ይልፋ? ይኼንኑ ብላት፣

«ዕቃው አላረጀም፤ እነሱ ናቸው የሰለቹት» አለች። ጻፍኩት።

ባለጉዳይ ብሶቱን እንጂ የሚፈልገውን አይናገርም። ስለዚህ እንደ ልማዴ፣ «የምትጠይቂው ዳኝነት ምንድን ነው? በቁጥር አስቀምጪልኝ» አልኳት።

«አንድ፣ ክለብ የቀየሩ ተጫዋቾች ወደ አዲሱ ክለባቸው ይዛወሩልኝ። ሁለት፣ የማሊያ ቁጥራቸው ይስተካከል። ሦስት፣ ያደጉና የወረዱ ክለቦች ቦታ ይቀያየሩ።»

«አራት?»

እስክሪብቶዬን ትኩር ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ማሽኑ ላይ በእጅም ይስተካከላል። አንድ በአንድ ነው እንጂ።»

«ስንት ሰው ነው?»

«ሁለት ሺህ ቢሆን ነው» አለች፣ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት እንደታዘዘ ሰው።

ማመልከቻውን አስለወጠችኝ። «ድጋፋችሁን በማቆማችሁ እንዳትጨነቁ፤ ሥራውን የተረከብን መሆኑን እንገልጻለን» የሚል ሆነ። ግልባጭ፦ ለያርጋል። በኢሜይል በላክነው በደቂቃ ውስጥ «አስተያየትዎን እናከብራለን» የሚል መልስ መጣ። እንዲህ የፈጠነ መልስ ያገኘ ማመልከቻ ጽፌ አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ተጫዋች ስታዛውር ከረመች። እኔ ዜናውን ከስልኬ አነብላታለሁ። ፀጉሩን የተላጨውን እንኳ ሳትላጨው አላለፈችም። ብዙ ጸሐፊ አይቻለሁ፤ እንደሷ ያለ ግን አላየሁም።

ሊጉ በጀመረበት ቅዳሜ፣ የተራራ አስጎብኚው ሙሌ፣ ክረምት ሆኖ ቱሪስት ጠፍቶበት፣ ገባ።

«እስቲ ሙዚየሙን ልጎብኝ» አለና ሐሙስ ዕለት የፈረመ አጥቂ ፈለገ። ተጫዋቹ አዲሱ ክለቡ ውስጥ ከነቁጥሩ ተቀምጧል።

«ሐሙስ ማታ እኮ ነው የፈረመው!»

«አርብ ጠዋት አዛወርኩት።»

«ያርጋል ቤት ገና አሮጌው ክለቡ ነው! ኔትወርክ ሲመጣ ይስተካከላል ተብለናል።» አንገቱን በበሩ አወጣና ጮኸ፤ «እናንተ! ኑ፣ እዚህ ነው ያለው!»

እሱ በር ላይ ሲጮህ ከጠራቸው ልጆች አምስቱ በጎኑ ሾልከው ገብተው ተቀመጡ። ሙሌ ዞር ብሎ መጫወቻውን ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ሐመልማል ቀደመችው።

«ተራ ያዝ» አለችው። «ከፊትህ አምስት ሰው አለ።»