የአለቃ በረት መዝጊያ

ስማ፣ ስማ፣ ላልሰማ አሰማ... የአለቃ ወልደ ሐና የበግ በረት መዝጊያ ጠፍቷል።

አለ አዋጅ ነጋሪው፣ ንጉሥ የሞተ ይመስል ድምፁን አወፍሮ። ያስነገሩት የአለቃ ባለቤት ናቸው። ከኋላው በረቱ... አፉን ከፍቶ። ደፉ ላይ በጎቹ፣ መውጣትም መቅረትም ያልወሰኑ፣ እንደ ደብሩ ሸንጎ።

ዓባይ ማዶ ነው፣ በአፄዎቹ ዘመን። የኔታ ላቀች ለሴት ልጆች የቅኔ ቤት ሊከፍቱ ተነሡ። የኔታ እንላቸዋለን፣ እኛ ተማሪዎቻቸው። ሌላው ሲሰማ ይስቃል።

ጎጆ ቀለስን፣ ሣር ከደንን፣ ጭቃ መረግን፣ እኛው በእኛው። የቀረው መዝጊያ...

ጅብ አለ፣ አለ ሸንጎው። ሴት ልጅ ክፍት ቤት አታድርም። መዝጊያ ሳይኖር ፈቃድ የለም።

ሸንጎው ሳይፈቅድ እንጨት አልጠርብም፣ አለ አናጢው። ፈቃድ ሳይኖር መዝጊያ የለም።

ሄዱ የኔታ፣ ወደ ሸንጎው። "ይታያል" አሉ አለቃ ወልደ ሐና፣ የሸንጎው ራስ።

ክረምት ገባ። ሄዱ። ይታያል።

መስቀል አለፈ። ሄዱ። ይታያል...

ሲታይ፣ ሲታይ፣ ያምሮት ተዳረች። ከሁላችን ቅኔ የሚቀናት እሷ ነበረች።

ሲታይ፣ ሲታይ፣ እኔም ታጨሁ። "ቅኔ ቤቱ እስከ ጥምቀት ከተከፈተ ትማር፣ ካልተከፈተ ትዳር" ብሏል አባቴ።

"አለቃ" አሉ የኔታ፣ በገና ሰሞን። "ይኸን ሁሉ ጊዜ የሚያየው ሰውዬ ማነው? ዓይኑ አይደክመውም?"

ሸንጎው ሳቀ። አለቃ አልሳቁም። አቀርቅረው ወጡ።

በማግስቱ ነው አዋጁ።

መዝጊያውም ተገኘ... በእኛ ጎጆ ደጃፍ፣ ቀጥ ብሎ፣ የበግ ጠጉር እንደ ያዘ።

"ሌባ ነሽ" አላቸው ሸንጎው የኔታን። የሌባ ቅኔ ቤት ደግሞ አይከፈትም። እኔ ጥምቀትን አሰብኩ፣ የማላውቀውን ሙሽራ አሰብኩ።

"ሌባማ ብሆን" አሉ የኔታ፣ ስልችት ብሏቸው፣ "የበረቱን አጥር ትቼ እመጣ ነበር? አጥርም እኮ የለኝም።"

አለቃ መጡ፣ ከሁሉ ኋላ። መዝጊያውን ገፋ አድርገው አዩት።

"የገጠምኩት እኔ ነኝ። መዝጊያ አለ። ፈቃድ አለ።"

ማዶ በረቱ አፉን እንደ ከፈተ ነው። በጎቹ ግን ወስነዋል። ተረተሩ ላይ ተበትነው ይግጣሉ።

"ምነው አለቃ፣ ይኸን ሁሉ ጊዜ ይታያል ሲሉ ከርመው?" አለ ሸንጎው።

"አልናገርም።"