የአማቷ ሦስት ለቅሶዎች

«የልጅ ልጅ ሳያዩ ሄዱ፤ አንጀት ይበላል» አለች ጎረቤቲቱ፣ ቤቱ ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ።

ልብስ ሰፊዋ ምራት ሰምታለች፤ ቀና ግን አላለችም። አማቷ ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀን ነው። እንቅልፍ ካጣች ወዲህ የሰው ድምፅ ከውሃ በታች የሚመጣ ይመስላታል፤ ለቅሶ ደራሹም እግሩ መሬት ሳይነካ የሚያልፍ። መጋረጃው ሲወዛወዝ አማቷ ከጓዳ ብቅ ያሉ መስሏት ሁለቴ ልትነሳ ቃጥቷታል።

አገሩ ሁሉ አማትና ምራት ዓይንና ናጫ ናቸው ብሎ ደምድሟል። መቼም ወሬ ጠያቂ የለውም። የመጀመሪያው ፅንስ በአራተኛ ወሩ የጨነገፈባት ጊዜ ሰው «ገና ልጅ ነሽ፣ ይተካል» እያለ ወጣ። አማቷ ግን በሩን ዘግተው፣ ጥቁር ሻሻቸውን አስረው አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ለቅሶ ልቀመጥ ነዋ! የልጅ ልጄ አይደል እንዴ የሞተው?»

ሦስት ቀን አብረዋት አለቀሱ። ለሁለተኛዋም፣ ለሦስተኛውም እንደዚያው። በመጨረሻው ጉልበታቸውን ይዘው ሲነሱ፣ «የሚቀጥለው እንኳ ለአሮጊት ጉልበት ይራራ!» ብለው በእንባዋ መሀል አሳቋት። ባሏ በነዚያ ቀናት ጋራዥ አምሽቶ ይገባ ነበር። ስለ ልጆቹ አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

አሁን የአማቷ ወንድም፣ አስተማሪው፣ ነገ በሣልስቱ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ለቤተሰቡ እያሰሙ ነው። «...አንድ ወንድ ልጅ ወልደው፣ የልጅ ልጅ ለማየት ሳይታደሉ...»

«ጋሼ፣ እሱን ያውጡልኝ።»

«የቱን ልጄ?»

«ሳይታደሉ የሚለውን። ሦስት ነበሯቸው።»

ጎረቤቲቱ፣ «ውይ፣ ሐዘኑ ነው» አለች። አስተማሪው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ሰው የሚያውቀውን ነው እኮ የምንጽፈው።»

ባሏን አየችው። ልጆቹን ልጆች ብለው የጠሩት እናቱ ብቻ ነበሩ። ዛሬም ዝም ካለ ልጆቹም ከእሳቸው ጋር ተቀበሩ ማለት ነው። ፈራች።

ባሏ ተነሳ። ብዕሩንና ወረቀቱን ከአጎቱ እጅ ወስዶ አጠገቧ ተቀመጠ፤ መስመሩን ሰረዘ። ከዚያ ሳያያት፣ በተሰበረ ድምፅ፣ «ሁለተኛዋ ሴት ነበረች፣ አይደል?» አላት።

ጉልበቱ ላይ የሚንሸራተተውን ወረቀት እንዲጽፍበት በመዳፏ ያዘችለት።