ዘጠነኛዋ ጉድጓድ

ከሚሴ ውስጥ ጎልፍ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ከሁለቱ ደካማው መምህር ፈቃደ ነበር። ይህን ሌላ ሰው አልተናገረበትም፤ ራሱ ነው የሚለው። ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ ውስጥ ሠላሳውን ሒሳብ ሲያስተምር ኖሯል፤ ዘጠኙን ደግሞ አንዲት ትንሽ ነጭ ኳስ በጨፋ ሜዳ ላይ ሲያሳድድ።

ነገሩን ያመጣበት የባቡር ሐዲዱ ሥራ ነው። ያኔ ካምፕ ከነበራቸው የውጭ አገር መሐንዲሶች አንዱ፣ ሽበታምና ዝምተኛ ሰውዬ፣ አማርኛ ልማር ብሎ ፈቃደን ቀጠረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ያስቆጥረው ነበር። ሰውየው ከ‹ሐ› ሳያልፍ ሰለቸውና፣ "በቃ፣ አሁን ደግሞ እኔ ላስተምርህ" ብሎ ጫፉ ብረት የሆነ ዱላ አስጨበጠው። ሥራው ቆሞ ወደ አገሩ ሲመለስ ሰባት ዱላና አንድ ከረጢት ሙሉ ኳስ ትቶለት ሄደ። ፈቃደ አንዳንድ ቀን፣ በተለይ በነሐሴ፣ ይህ ሰውዬ የተወልኝ ስጦታ ነው ወይስ በሽታ እያለ ያስባል።

ሜዳ የሚሉት ከጨፋ ሮቢት ወዲህ ያለ የግጦሽ መሬት ነው። ጉድጓድ የሚሉትም አፈር ውስጥ የተቀበረ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው፤ ዘጠኝ ጣሳ። በየጣሳው ዙሪያ ያለውን ሣር በማጭድ ያጭዱታል፤ አጠገቡ ጨርቅ የታሰረበት ሸምበቆ ይተክላሉ። ክረምት ሲገባ ሜዳውን ውኃ ይውጠዋል፤ በበጋ ደግሞ ከብቱና ግመሉ ከየአቅጣጫው ይመጣል። መንገድ ላይ ፍተሻ ሲያጋጥም ረጅሙ ከረጢት ዘወትር ይከፈታል። ፈታሾቹ ዱላዎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ያገላብጡና፣ "ምን ሊሠራልህ ነው?" ይሉታል። ፈቃደ ማስረዳት ከተወ ቆይቷል። "ለእግሬ ነው፣ እደገፈዋለሁ" ይላል። "ሰባት?" ሲሉት፣ "እግሬ በጣም ነው የሚያመኝ" ብሎ ይመልሳል።

ሁለተኛው ተጫዋች ቃሲም ነው፤ የእንስሳት ሐኪም፣ የእጁ አንጓ ወፍራም፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። መጀመሪያ የመጣው እዚያ አካባቢ የታመመ ወይፈን ሊያክም ነበር። ፈቃደን ብቻውን ሣር ሲደበድብ አየውና ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ጠጋ አለ።

"እስቲ ስጠኝ" አለ። መታት። ኳሷ የመስኖውን ቦይ ተሻግራ ከዓይን ጠፋች።

"ይኸው ነው እንዴ?" አለ ቃሲም። "ይህችን ነው ስትለማመድ የከረምከው?"

ፈቃደ ወዳጁን በብዙ ነገር ይቅር ብሎታል፤ በዚያች ምት ግን እስከ ዛሬ ሙሉ ለሙሉ ይቅር አላለውም። ቃሲም አይለማመድም፣ አይቆጥርም፣ አይናደድም፤ ያሸንፋል። ፈቃደ ግቢው ውስጥ ማታ ማታ ያለ ኳስ ዱላ ይወዘውዛል፤ ባለቤቱ ማንአልሞሽ የሰቀለችውን ልብስ ሁለት ጊዜ ቀዷል፤ እሑድ ሲደርስ ግን ይሸነፋል። ጨርሶ የማይሆንለት ቢሆን ኖሮ ትቶት ባረፈ። ክፋቱ በየእሑዱ አንዲት ምት ትሳካለታለች። ምን እንዳደረገ ሳያውቀው ዱላው ኳሷን መሀል ላይ ያገኛታል፣ ክንዱ ላይ ምንም ሳይሰማው ኳሷ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ያቺ አንዷ ናት ለሌላ ሳምንት የምታስረው።

ምኞቱ ትልቅ አልነበረም። ዘጠኙን ጉድጓድ ከአርባ አምስት ምት በታች መጨረስ፤ ይኸው ነው። በሠላሳ ዓመት ማስተማር ውስጥ ብዙ ነገር ተመኝቶ አንድ በአንድ ትቷል፤ የዕድገት ደብዳቤውን፣ ሁለተኛ ዲግሪውን፣ ሰባ ተማሪ የማይታጨቅበትን ክፍል። ይህች ብቻ ቀርታዋለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከሃምሳ አንድ ወርዶ አያውቅም።

የዚያ ዓመት ረመዷንና ሁዳዴ ገጥመው ነበር። በመጋቢት አንድ እሑድ ፈቃደ ቅዳሴ አስቀድሶ ቤት ሳይገባ፣ ቃሲም ሌሊት ሱሑር ከበላ ወዲህ ውኃ እንኳ ሳይቀምስ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ተገናኙ። ሁለቱም አፋቸው ደርቋል፣ ወሬም አላሰኛቸውም። ምናልባት ዝምታው ይሆናል፤ ምናልባት ደግሞ ፈቃደ ኃይል አጥቶ ዱላውን በቀስታ ስለወዘወዘው ይሆናል፤ የመጀመሪያዋን ጉድጓድ በአራት ጨረሰ። ሁለተኛዋን በአምስት። ሦስተኛዋ ላይ ኳሷ ሸምበቆ መትታ ወደ ሜዳው ተመለሰችለት።

"ዛሬ ማን ጸልዮልሃል?" አለ ቃሲም።

"ዝም በል" አለ ፈቃደ።

ስምንተኛዋን ሲጨርሱ በልቡ ሦስት ጊዜ ደምሮ ሦስቱንም ጊዜ ሠላሳ ስምንት አገኘ። ዘጠነኛዋን በስድስት ቢጨርስ አርባ አራት።  የመጀመሪያዋን መታ፤ ቦዩን ተሻገረች። ሁለተኛዋን መታ፤ ከጣሳው አሥር እርምጃ ላይ፣ ለስላሳ ሣር ላይ አረፈች። አራት ምት ይቀረዋል። ከአሥር እርምጃ በአራት ምት ማስገባት ሕፃንም አያቅተውም። ቃሲም ነገሩ ሳይገባው አልቀረም፣ የራሱን ኳስ ትቶ ከኋላው ቀስ እያለ ተከተለው።

አንዲት ሴት እየሮጠች የመጣችው ያኔ ነው። ዙቤይዳ ትባላለች፤ ቤቷ ከቦዩ ማዶ ነው። ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቋል።

"ሐኪም! ኮታ፣ ኑ፣ በአላህ ድረሱልኝ! ላሜ ቡሬ ከሌሊት ጀምሮ ስታምጥ አደረች፤ አንድ እግር ብቻ ነው ብቅ ያለው! ባሌ ሰንበቴ ገበያ ወርዷል፣ ቤት ሰው የለም!"

ቃሲም ከሞተሩ ላይ የመድኃኒት ሳጥኑን አወረደ። "ጥጃው ታጥፎ ይሆናል" አለ። "ገመድ የሚስብ ሰው ያስፈልገኛል።" ከዚያ ኳሷን አየ፤ ፈቃደንም አየ። "አንተ ግን ጨርሰህ ድረስብኝ። አምስት ደቂቃ ናት።"

እውነቱን ነበር፤ አምስት ደቂቃ ናት። ፈቃደ አጭሩን ዱላ ይዞ ኳሷ አጠገብ ቆመ። ዙቤይዳ ቆማ ታየዋለች፤ ዱላውን ታያለች፤ መሬት ላይ ያለችውን ነጭ ነገር ታያለች።  ፈቃደ ያ አስተያየት ጀርባው ላይ እያለ መምታት አልቻለም። ዱላውን ኳሷ አጠገብ አጋደመና ተከተላቸው።

ላሟ ከበረቱ ደጅ ተኝታለች፤ ዓይኗ ፈጧል። ቃሲም ክንዱን እስከ ትከሻው በሳሙና ታጥቦ፣ ዘይት ተቀብቶ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደ። ፊቱን የላሟ ታፋ ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ለረጅም ጊዜ በእጁ ፈለገ። "አንዱ እግሩ ወደ ኋላ ነው። ጭንቅላቱም ዞሯል" አለ። ለማቃናት ከአንድ ሰዓት በላይ ወሰደበት። ላቡ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል። ዙቤይዳ ለፈቃደ ውኃ አመጣችለት።

"መምህር፣ እርስዎ እንኳ ይጠጡ።"

"የእኔም ጾም ገና አልተፈታም" አለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጠጣት ይችል ነበር፤ በቃሲም ፊት ግን አልሆነለትም።

በመጨረሻ ገመዱ ታሰረ። "ስታምጥ ሳብ፣ ስታቆም ተው" አለው ቃሲም። ፈቃደ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ሳበ። ተወ። ሳበ። ፀሐዩ አናቱን ይበሳዋል። እየሳበ ሳለ ያስብ የነበረው ስለ ላሟ ቢሆን ደስ ባለው፤ ግን አልነበረም። ያስብ የነበረው ስለ አሥሯ እርምጃ ነው። መሬቱ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ቀስ ብዬ ልግፋት ወይስ ጠንከር ላድርጋት? ዙቤይዳ የላሟን አንገት አቅፋ በኦሮምኛ ስታባብላት ሲሰማ ግን በራሱ አፈረ። ከእፍረቱ የተነሣ ካቅሙ በላይ ሳበና ቀኝ ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

ጥጃው ወጣ። አይተነፍስም። ቃሲም አፍንጫውን ጠራረገ፣ እንዲያስነጥስ ጭድ ከተተበት፣ የኋላ እግሮቹን ይዘው አንጠልጥለው አብረው አወዛወዙት፣ ደረቱን አሸው። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሬት ላይ አስተኛው።

"በቃ" አለ።

"እናቲቱስ?" አለች ዙቤይዳ።

"እናቲቱ ትተርፋለች፣ ኢንሻአላህ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለች። ከዚያ እርጥቡን ጥጃ አይታ፣ "ጥጃዋን ሳታይ ወተት ትሰጠኝ ይሆን?" ብላ ማንንም ሳትመለከት ጠየቀች።  ላሟ አንገቷን አዙራ የማይነሣውን ጥጃዋን ትልሳለች።

ወደ ሜዳው ሲመለሱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። አጭሩ ዱላ ካጋደመበት ቦታ አለ፤ ኳሷ የለችም። መንጋ አልፎበታል። ሣሩ ሁሉ ኮቴ በኮቴ ሆኗል። ጎንበስ ብለው ፈለጉ፤ እበቱን ሁሉ በዱላ ገለበጡ። ቃሲም ከንፈሩ ነጭ ሆኖ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

"ሌላ አስቀምጥና ጨርስ" አለው። "እዚህ ጋ ነበረች፤ እኔ ምስክር ነኝ።"

ፈቃደ ሌላ ኳስ አስቀመጠ። ትከሻው ይነዳል፤ እጁ ገመዱን አሁንም እንደጨበጠ ያህል አልፍታታ ብሎታል። ገፋት። ግማሽ መንገድ ሄዳ ኮቴ ውስጥ ገባች። ሁለተኛውን ቢመታት ዘልላ ጣሳውን አልፋ ሄደች። ሦስተኛው አጠረበት። አራተኛው ላይ ትንፋሹን ይዞ ገፋት፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ሄዳ የጣሳው ከንፈር ላይ ቆመች። ሁለቱም ጠበቁ። ነፋስም አልነፈሰም። በአምስተኛው አስገባት።

"የከብት ኮቴ አይቆጠርም" አለ ቃሲም። "አርባ አራት ነው።"

"አርባ አምስት ነው።"

"አቦ፣ ማን ያዘህ? እኔ እንደሆን መቁጠር አልችልም።"

"እኔ እችላለሁ" አለ ፈቃደ። "ሥራዬ ነው።" ዱላዎቹን በግራ እጁ እየሰበሰበ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። አርባ አምስትም ቢሆን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም፤ ይህን ለራሱ ሊነግረው ሞከረና ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ አሸዋ ሆነበት።

ቤት ሲደርስ ማንአልሞሽ ሸሚዙን በመቀስ ቀድዳ አወጣችለት፤ ክንዱ አልነሣ ብሎ ነበር።

"ማን አሸነፈ?" አለችው።

"ማንም።"

"ታዲያ ምን እንዲህ አደረገህ?"

ስለ ላሟ ነገራት። ሰማችውና፣ "ደግ አደረግህ" አለችው። እሱም ራሱን ነቀነቀ። ደግ ማድረጉን ያውቃል። ግን ደግ ያደረገ ሰው ልቡ እንዲህ ይደርቃል እንዴ ብሎ መጠየቅ አፈረ። ማታ ላይ ቃሲም ደውሎ ላሟ እንደቆመች፣ ትንሽ ገለባም እንደበላች ነገረው። ያኔ ትንሽ ቀለለው።

ትከሻውን ወጌሻ አሸው፤ ሐኪም ቤትም ሄደ። ሦስት ወር ሙሉ እጁ ከደረቱ በላይ አልነሣ አለው። ሰሌዳው ላይ ከታች ብቻ ይጽፋል፤ ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች ተነሥተው ያነባሉ። ክረምት ገባ፣ ሜዳውን ውኃ ዋጠው፣ ደግሞ ሸሸ። በጥር ጣሳዎቹን አውጥተው ጠራርገው እንደገና ቀበሯቸው።

በአዲሱ በጋ የመጀመሪያ እሑድ ፈቃደ ሃምሳ ስምንት መታ። ትከሻው እንደ ድሮው አይዞርለትም፤ ኳሷ ሁሉ ወደ ቀኝ ትጠማዘዛለች። ሁለት ኳስ ቦዩ ውስጥ ጠፋበት። አምስተኛዋ ጉድጓድ ላይ ከራሱ ምት ይልቅ የቃሲምን መቁጠር እንደ ጀመረ ተገነዘበ፤ ልማድ ሆኖበት እንጂ ፈልጎ አይደለም። ቃሲም ስለ በግ ፈንጣጣ ክትባት እያወራ፣ ስልክ እያነሣ፣ በመሀል በመሀል ይመታል። ዘጠነኛዋን ሲያስገባ ፈቃደ ደመረ፤ እንደገናም ደመረ።

"ስንት ሆንኩ?" አለ ቃሲም ስልኩን ኪሱ እየከተተ። አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

ፈቃደ የመጨረሻውን ዱላ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። ሃምሳ ቢለውም ያምነዋል።

"አርባ ሦስት" አለው።

"ጥሩ ነው?"

"ጥሩ ነው" አለ ፈቃደ። ከረጢቱን በግራ ትከሻው አንጠልጥሎ ሞተሩ ላይ ከኋላ ተፈናጠጠ። ቃሲም ሞተሩን አስነሥቶ ወደ አስፋልቱ አቀና።