ምላጭ የተባለው ሰው

ልጄ የስልክ ጥገና ሱቅ አላት። ሱቁ ጠባብ ነው። ፊት ለፊት የመስታወት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ ሁለት የሥራ ጠረጴዛ፣ ከዚያ ኋላ በመጋረጃ የተከለለች የዕቃ ማስቀመጫ። የእኔ ወንበር በሩ አጠገብ ነው። ዕድሜዬን የመጋዘን ዘበኛ ሆኜ ስለጨረስኩ በር ካልጠበቅኩ ምሳ አይበላልኝም። ልጄ «አባዬ፣ እዚህ የሚሰረቅ ነገር የለም፤ ዕረፍ» ትለኛለች። እኔ ግን አያለሁ። የሚገባውን አያለሁ፤ የሚወጣውን አያለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ የማየው ቀጭኑን ነበር። ቀጭኑ የምንለው የልጄን ሠራተኛ ነው። ሌላ ስም ቢኖረውም የሚጠራው የለም፤ ቀጭኑ ሲባል አቤት ይላል። ጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ የጎማ ምንጣፍ አንጥፎ፣ አጎንብሶ ይሠራል። እጁ ቀኑን ሙሉ አያርፍም፤ አፉ ግን የሚከፈተው ለሰላምታ ብቻ ነው። ወላጅ የለውም። ታናሽ እህቱን የሚያስተምረው ከዚህች ሱቅ በሚያገኘው ነው።

ከልጄ ጋር የሚያጣላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጄ ስልክ ስትቀበል መጀመሪያ ትወለውለዋለች። ከዚያ ፎቶ ታነሳዋለች፤ ከዚያ ትከፍተዋለች። የሞተውንም፣ የማይድነውንም ትወለውላለች። «ሬሳም ታጥቦ ነው የሚሸኘው» ትላለች። ቀጭኑ ደግሞ እንዳመጡለት ከነአቧራው ይከፍታል። «እትዬ፣ ሐኪም ሆዱን ከመክፈቱ በፊት በሽተኛውን ይላጨዋል እንዴ?» ይላታል። በዓመት ከሚናገራት ቃል ግማሹ ይህ ነው።

ልጄ ሁሉንም ዓይነት ስልክ ብትጠግንም የምትወደው አንዱን ነው፤ ንስር የሚባለውን። የንስር ወዳጆች የሚሰበሰቡበት ግሩፕ በኢንተርኔት ላይ ከፍታለች፤ ስሙ «የንስር ቤተሰብ» ነው። እኔንም አስገብታኛለች። ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደሉን ግን አንድ በአንድ ለቅሜ አነባለሁ። መጀመሪያ ጥሩ ቦታ ነበር። አንዱ «ወንድሞች፣ ስልኬ ቻርጅ ሲደረግ ይግላል» ይላል። ሌላው «ሽፋኑን አውልቀህ ሰካው የኔ ጌታ» ይለዋል። ልጄን «የንስር እናት» ይሏታል። ተመራርቀው ይለያያሉ። ስልኩ የዳነለት ግን አይመለስም። ቀስ በቀስ ግሩፑ ሰው እንደለቀቀው ቤት ጭር አለ።

ከዚያ ምላጭ መጣ።

ምላጭ ፎቶ የለውም፤ ስሙም ያው ምላጭ ነው። ኮከብ የሚባለውን ሌላ ስልክ እወዳለሁ ይላል። መጀመሪያ «ንስር የያዘ ሰው ሲደወልለት ሮጦ ሶኬት ይፈልጋል» ብሎ ጻፈ። ሰው ሳቀ። ቀጥሎ «እናታችሁም በድብቅ የምትደውለው በኮከብ ነው» አለ። ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ጠፍተው የነበሩት ሁሉ እናታችን ተነካች ብለው ተመለሱ፤ ጓደኛም እየጎተቱ መጡ። የኮከብ ወዳጆች ደግሞ ምላጭን ሊያግዙ ገቡ።

«ካሜራህ የደበዘዘው ፊትህን አይቶ ነው።»

«የአንተ ስልክ እንደ ድሮው በገመድ መታሰር አለበት፤ ከነባለቤቱ።»

ይህ የጨዋታው ሰሞን ነው። ከዚያ ወደ እናት ሄዱ፣ ከእናት ወደ ሞት። አንድ የዋህ «ስልኬ ውሃ ውስጥ ወደቀብኝ፣ ምን ይሻላል?» ብሎ ጠየቀ። «ተከተለው» አሉት። ይህን ያለው ምላጭ እንኳ አልነበረም፤ ድሮ የኔ ጌታ ሲል የነበረው ሰው ነው።

ከጎናችን የስልክ ሽፋን የምትሸጥ ሴት አለች። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ «አባባ፣ ዛሬ ማን ተገደለ?» ትለኛለች።

«ገና ነው፤ ቢላቸውን እየሳሉ ነው።»

«እንግዲህ ሳይጀመር ጥሩኝ!» ብላ ትሄዳለች።

ልጄ አትናደድም ነበር። እያነበበች ዝም ትላለች። ትዕግሥቷ ነው ብዬ ኮራሁባት።

እኔ ግን ነገሩን መመርመር ያዝኩ። ምላጭ ብዙ ያውቃል። ልጄ መነጽር የምታደርገው ትንንሾቹን ብሎኖች ስትፈታ ብቻ እንደሆነ ያውቃል። ሱቁ መብራት የጠፋበትን ቀን ያውቃል። መጋረጃው መቀደዱንም ጽፏል፤ ያ መጋረጃ ደግሞ ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ አይታይም። መጋዘን ስጠብቅ የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ቁልፉ ሳይሰበር ዕቃ ከጎደለ ሌባው ውስጥ ነው።

ውስጥ ያለነው ሦስት ነን። ቀጭኑን አየሁት። ሥራ ሲቀዘቅዝ ስልኩን ከጠረጴዛው ሥር ይዞ በአውራ ጣቱ ይጽፋል። ለብቻው ፈገግ ይላል። ዘወር ስል ስልኩን ይደፋዋል። ደግ ነገር የሚጽፍ ሰው ምን ያስደፋዋል?

ቀጭኑ ለምሳ በወጣበት ለልጄ ነገርኳት።

«ምላጭ እዚሁ ነው ያለው።»

«የት?»

በአገጬ የቀጭኑን ወንበር አሳየኋት። መፍቻው እጇ ላይ ቆመ። ፊቷ ተለዋወጠ።

«አባዬ፣ ያለ ማስረጃ ሰው አይታማም» አለች።

እሱ አይደለም ግን አላለችም። ይህን ልብ አልኩ። እሷም ጠርጥራለች ማለት ነው ብዬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።

ማስረጃው ብዙም ሳይቆይ መጣ። ምላጭ ፎቶ ለጠፈ። ባትሪው ያበጠ ንስር ነው። እብጠቱ ጀርባውን ገፍቶታል። ከሥሩ «ንስራችሁ አርግዛለች፤ አባትየውን ፈልጉ» ይላል። ስልኩ የተቀመጠው በአረንጓዴ ምንጣፍ ላይ ነው። ያን ምንጣፍ ግሩፑ በሙሉ ያውቀዋል፤ ልጄ ቀጭኑ ሲሠራ የሚያሳይ ቪዲዮ በየጊዜው ትለጥፍ ነበርና።

የሆነውን ለመናገር ይከብደኛል። «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» አሉት። ከመንገዱ ማዶ ቆመው ፎቶ አነሱት፤ አረማመዱ ላይ ቀለዱ። እህቱን በስሟ ፈልገው አገኟትና ለእሷም ጻፉላት። አንድ ደንበኛ ቀጭኑ እጁን ሲዘረጋ ስልኩን ወደ ደረቱ መለሰ፤ «ይቅርታ፣ ሌላ ሰው ይክፈተው» አለ። ስልኩን ልጄ ተቀበለችው።

ቀጭኑ ቆመ። «እትዬ፣ እኔ አይደለሁም።»

ልጄ ባንኮኒውን እያየች «እስኪጣራ ለጥቂት ቀን ዕረፍ» አለችው።

ወደ እኔ ዞረ። «አባባ፣ እርስዎ እዚሁ ነው የሚውሉት። ይንገሯት።»

«ያየሁትን ነው የምናገረው» አልኩት። ወጣ።

ከሄደ በኋላ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። ፎቶውን ከፍቼ ደጋግሜ አየሁት። ጽሑፍ ማንበብ ስለሚያደክመኝ ፎቶ ላይ ብዙ እቆያለሁ። ያበጠውን ስልክ አውቀዋለሁ። ያመጣው ግድግዳ የሚለስን ሰው ነው፤ ከእጁ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ስልኩ ሲሚንቶ ጠጥቶ ነጭ ሆኖ ነበር። ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ነው እጄን ያጸዳሁት። ፎቶው ላይ ያለው ግን ያብረቀርቃል። የጣሪያው አምፖል ጀርባው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ልጄ ባንኮኒውን ስታጸዳ ጠራኋት።

«ይህን ስልክ ማን ወለወለው?»

«የትኛውን?»

«የለሳኙን።»

እጇ ጨርቁ ላይ ቆመ። «ቀጭኑ ይሆናላ።»

«ቀጭኑ? ስልክ አይወለውልም ብለሽ ስትነጫነጪበት የኖርሽው ቀጭኑ?»

ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠች።

«ሊሰድበው ያነሳውን ዕቃ አስቀድሞ የሚያሳምር ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው» አልኳት።

የቀጭኑ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መነጽሯን አወለቀች፤ መልሳ አደረገች።

«ግሩፑ ሞቶ ነበር አባዬ። ደግ ደጉን ስጽፍ የሚያየው የለም። አንድ ቀን ለቀልድ በሌላ ስም ራሴን ሰደብኩ። ስንቱ እንደተመለሰ ብታይ! ሱቁ የሞላው እኮ ከዚያ ወዲህ ነው። ሰው ያዝንልኛል፤ ስልኩን ይዞ ይመጣል።»

«ተከተለው ያሉትስ?»

«እሱን እኔ አልጻፍኩም! ከሚጻፈው ሩቡም የእኔ አይደለም። በሩን ነው የከፈትኩት፤ የገቡትን አላውቃቸውም።»

«በር የከፈተ ስለገባው ይጠየቃል።»

«አውቃለሁ።»

«ፎቶውን የእሱ ምንጣፍ ላይ ለምን አነሳሽ?»

«ብርሃኑ እዚያ ስለሚሻል ነው። ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም፤ በልጆቼ!»

«እሱ ነው ሲሉትስ? ተዉ ማለት አቅቶሽ ነው?»

«ነገ ይረሱታል ብዬ ነዋ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ደግሞ እሱ ነው ብለህ የጀመርከው አንተ ነህ አባዬ።»

እውነቷን ነው። ቀጭኑን በሚደፋው ስልክ ላይ ምን ይጽፍ እንደነበር አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ ጠዋት ቀጭኑ መፍቻዎቹን ሊወስድ መጣ። ቦርሳውን ከፍቶ ሲሰበስብ ልጄ አጠገቡ ቆመች። ከዚያ ሳታሳጥር፣ ሳታስረዝም ነገረችው።

ቀጭኑ የያዘውን መፍቻ ቦርሳው ውስጥ አስቀመጠ።

«እህቴ ትምህርት ቤት መሄድ ትታለች» አለ። «እዚያ ያሉትም ያነባሉ። ምን እንደሚሏት ልንገርሽ?»

«አትንገረኝ።»

«እንግዲያው ተናገሪ። በጽሑፍ አይሆንም፤ በድምፅሽ። ለሁሉም።»

ልጄ ሱቁን ዞር ብላ አየችው፤ ባንኮኒውን፣ ተራ የሚጠብቁትን ስልኮች። ምን እንደምታጣ ገብቷታል። ስልኳን አነሳች፤ የግሩፑን የድምፅ መቅጃ ተጭና ተናገረች። «ምላጭ እኔ ነኝ። ከመጀመሪያውም እኔ ነበርኩ። ቀጭኑ ምንም አላደረገም።» ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ሦስታችን ስልኩን ከበን ጠበቅን። መልሱ ይጎርፍ ጀመር።

«አስገድደዋት ነው።»

«እናታችን አንጀቷ አይችልም። ለከዳተኛም ታዝናለች።»

«ይህ የእሷ ድምፅ አይደለም፤ በማሽን የተሠራ ነው። አተነፋፈሱን ስሙት።»

ልጄ ደግማ ተናገረች። ሁለተኛውንም በማሽን የተሠራ ነው አሉ። ከዚያ አንዱ «እኔ የምጠረጥረው በር ላይ የሚቀመጠውን ሽማግሌ ነው። ዓይኑን አይታችሁታል?» ብሎ ጻፈ። ሃያ የሚሆኑት ተስማሙበት።

ቀጭኑ ጮክ ብሎ አነበበው። «አባባ፣ ደረሰብዎት» አለኝ። ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«ወንበርህ ያው ነው» አለችው ልጄ። «ከዛሬ ጀምር።»

«ይቅር ብያለሁ እትዬ። ግን እዚህ ማን ያሠራኛል? አልሰማሽም? እነሱ አላመኑሽም። ሰው ሁሉ እጄን እያየ እንዴት ነው ብሎን የምፈታው?» ቦርሳውን አነገተ። «ሌላ ቦታም ጠይቄአለሁ። ምላጭ አይደለህም እንዴ ብለው መለሱኝ።»

«የት ጠየቅህ?» አልኩት።

«ከገበያው ጀርባ ያሉትን ጠጋኞች ሁሉ። ባለ ጢሙ ብቻ ነው የቀረኝ። እሱ ደግሞ ዋስ ይፈልጋል።»

ተነሳሁ። ልጄ አየችኝ። ወዴት እንደምሄድ ገባት፤ ምን እንደምናገርም ገባት። ሳትከለክለኝ ከመጋረጃው ኋላ ገባች።

ባለ ጢሙ ሱቅ ሩቅ አይደለም። እኔ ቀስ ብዬ ስለምሄድ ቀጭኑ እየቆመ ጠበቀኝ። ስንደርስ ባለ ጢሙ አንድ ስልክ እየበየደ ነበር። ቀና ብሎ ቀጭኑን አየና ወደ ሥራው ተመለሰ።

«ይሄ ምላጭ አይደል እንዴ?»

«አይደለም» አልኩ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ዋሱ ነኝ። የነበረበት ሱቅ ባለቤት አባት ነኝ።»

«ልጅዎ ያሰናበተችውን ሰው ነው ዋስ የሚሆኑት? ይህ እንዴት ያለ ነገር ነው አባቴ?»

«አላሰናበተችውም። ምላጭም እሱ አይደለም።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ቀጭኑ መሬቱን ያያል። ሁለት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ጆሯቸው እኛ ላይ ነው። የሌላ ሰው ስም ቢሆን አፌ ላይ ነበር። ቀጭኑን እንኳ ስጠቁም አገጬን ከማንቀሳቀስ በቀር አልደከምኩም።

«ልጄ ናት» አልኩ።

ባለ ጢሙ መበየጃውን አስቀመጠ። እኔን አየ፤ ቀጭኑን አየ፤ ደግሞ እኔን አየ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ። ይህ ሽማግሌ በዚህ ምን ያተርፋል እያለ ነው። እስኪበቃው እንዲያየኝ ቆምኩለት።

በመጨረሻ አንድ ዱካ በእግሩ ወደ ቀጭኑ ገፋ አደረገ።

«ተቀመጥ። እስኪ ይቺን ክፈታት» አለው፤ ዓይኑን ግን ከእኔ ላይ አላነሳም።