ከጓሮው ድንጋይ የተረፈው

ፈንታነሽ በደብረ ታቦር ገበያ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትቀመጥ ሴት ናት። ቅጠሉ ያልተበላ ጤና አዳም የምታወጣ እሷ ብቻ ናት፤ የሌሎቹን ወንፊት ትለዋለች። ምስጢሩ ጓሮዋ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። አረንጓዴውን ትል ከቅጠሉ ትለቅምና እዚያ ላይ ትጨፈልቀዋለች።

እንዲህ ስትኖር ርብቃ የምትባል የቢራቢሮ ተመራማሪ መጣች። በሳጥን የያዘችው ደረቅ ቢራቢሮ ጥቁር ነው፤ ክንፉን አንዲት ቀጭን ቢጫ መስመር ታቋርጠዋለች። ከዚሁ አገር በቀር የትም የለም፣ ከታየ ስልሳ ዓመት ሆኖታል፣ ጠፍቷል ተብሏል አለቻት። ቀጥላ የትሉን ሥዕል አሳየቻት፤ አረንጓዴ፣ ሲነኩት ቀይ ቀንድ የሚያወጣ። ፈንታነሽ ድንጋዩ ላይ የምትጨፈልቀው ያው ትል ነው።

ጓሮውን ሲያስሱ አንድ ትል ተርፎ ነበር። አጥሩ ላይ ወጥቶ፣ ራሱን በክር ከእንጨቱ አስሮ፣ ደረቅ ቅጠል መስሎ ተኝቷል። ርብቃ ዛሬ ነገ ይፈለፈላል፣ ማንም እንዳይነካው ብላ መረብ ልታመጣ ሄደች። ፈንታነሽ የድንጋዩን ነገር አልነገረቻትም።

በማግስቱ ጧት አማቿ ይሻው የመድኃኒት መርጫውን አዝሎ መጣ። ገብሱን ክሽክሽ የሚባለው ጭማቂ መጣጭ ተባይ ወርሮታል። ንፋሱ ደግሞ ከማሳው ወደ አጥሩ ነው።

ፈንታነሽ ጋቢዋን አጥሩ ላይ ዘርግታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ንፋሱ እስኪዞር ቆይ አለችው። ከሰዓት ዝናብ አለ፣ ነገ ከተባለ ገብስ የለም አላት።

«ለአንድ ትል ነው? ሲጨፈልቁ አይደል የኖሩት?»

«ለዚያ ነው» አለች። «ዘሩን የፈጀሁት እኔ ነኝ። ይቺን ደግሞ አንተ አትፈጃትም።»

«ታዲያ ክረምቱን ምን ሊበሉ ነው?»

ማሳውን አየች። ገብሱ ገና መንዠርገጉ ነው።

«ከወይራው ወዲህ ያለውን ተወው። የኔ ድርሻ ነው፤ ክሽክሹ ይብላው።»

ይሻው እያጉረመረመ ከወይራው ማዶ ተሻገረ። የመድኃኒቱ ሽታ በመጣ ቁጥር ጋቢውን በሁለት እጇ ወጥራ ትይዛለች፤ ክንዷ ዛለ፣ አለቀቀችም።

ርብቃ ስትደርስ ሽፋኑ ተሰንጥቋል። የተጨማደደ እርጥብ ነገር ወጥቶ እንጨቱን ጨብጧል። ርብቃ ሳጥኑን ከጎኑ ከፈተች። የትም የሚገኘው ዓይነት ከሆነ ክንፉ ነጠብጣብ ይሆናል አለች። ይሻውም መርጫውን አውርዶ መጣ። ክንፉ እንደታጠበ ነጠላ ቀስ እያለ ተዘረጋ።

ነጠብጣብ የለውም። ቀጭኗ ቢጫ መስመር ብቻ።

ርብቃ ዓይኗን ጠረገች። አንድ ብቻውን ግን ዘር አይሆንም፣ ሌሎቹን የት አይተው ያውቃሉ ብላ ጠየቀቻት።

ፈንታነሽ ይሻውን አየችው፤ ይሻው መሬት መሬቱን አየ። ርብቃን እጇን ይዛ ጓሮ ወሰደቻትና ድንጋዩን አሳየቻት።

«ሌሎቹ እዚህ ናቸው» አለች። «በይ ስደቢኝ። ሲወጣልሽ የቀረውን ቅጠል አብረን እናገላብጣለን።»