አቶ ይሻው ልጃቸውን ከለከሉ

ሰብለወንጌል አዲስ አበባ ተቀምጣ ዘጠኝ ዓመት የሌሎችን ድራማ ስትጽፍ ከኖረች በኋላ በዐሥረኛው ዓመት የራሷን ተከታታይ ድራማ እንድትሠራ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ፈቀደላት። ጸሐፊዋም ፕሮዲውሰሯም እሷው ሆነች። በታሪኩ የከተማ ልጅ የገበሬ ልጅ ስለሚያገባ፣ ቡድኗን ይዛ በግንቦት ወር ወደ ትውልድ አገሯ ደብረ ታቦር ሄደች።

የሙሽሪትን አባት ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ግን ታሞ ቀረ። በምትኩ ሰው ፍለጋ ከከተማው ወጣ ስትል በሬ ሲጠምዱ ያገኘቻቸው ገበሬ አቶ ይሻው ናቸው። ግርማ ሞገሳቸው ልጅ ለመዳር የተፈጠረ ይመስላል።

«የሚናገሩት አንድ ቃል ነው» አለቻቸው። «ሽማግሌዎቹ ልጅዎን ሲጠይቁ ‹ሰጥቻለሁ› ይላሉ።»

«ይህማ ምን ችግር አለው?» አሉ።

ሦስት ቀን ከተዋናዮቹ ጋር ሲቀረፁ ዋሉ። በአራተኛው ቀን ሽምግልናው ደረሰ። ካሜራማኑ ዳኛቸው መቅረፅ ጀመረ፤ ሽማግሌ ሆነው የሚሠሩት ተዋናዮች ተነሥተው «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። አቶ ይሻው ጢማቸውን አሻሹ።

«አልሰጥም።»

ሰብለወንጌል ቃሉ የጠፋቸው መስሏት አስደገመች።

«አልሰጥም አልኩ እኮ!»

«ውይ አባባ፣ ምን ሆኑብኝ?»

«ልጁን ሦስት ቀን አየሁታ! ሽማግሌ ሲመጣ ከመቀመጫው አይነሣም። ትናንት ገብስ ዘግኜ ባሳየው ‹ስንዴ ነው› አለኝ። ልጄን ምን ሊያበላት ነው?»

ሙሽራ ሆኖ የሚሠራው ፋሲል፣ አዲስ አበባ ላይ ሰው በየመንገዱ የሚከበው ዝነኛ ተዋናይ፣ «ድራማ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ይኸው፣ ቁጡም ነው» አሉ አቶ ይሻው።

ሙሽሪት የሆነችው ትዝታ ቀረበቻቸው። «አባባ፣ እኔ እኮ የእውነት ልጅዎ አይደለሁም።»

«ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ‹አባባ› ስትዪኝ ዋሽተሽኝ ነው?»

ትዝታ አፍራ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

ሰብለወንጌል ቢጨንቃት የእውነት ሽማግሌ ላከች። የደብሩን ቄስ መምሬ ዓለምነውንና ሁለት የመንደር ሰዎችን ለምና ነው። ከአቶ ይሻው ቤት ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ነገሩን መረመርነው። ይሻው እውነት አለው። እኛም ብንሆን አንሰጥም።» ከዚያ የሰብለወንጌልን ፊት አይተው አዘኑላት። «ግን ልጁ ግማሽ ቀን ካረሰ ይታያል ብሏል።»

በማግስቱ ጠዋት ፋሲል ዕርፍ ጨበጠ። በሬዎቹ ዞር ብለው አዩትና ወደ ወንዝ ወረዱ፤ እሱም የግዱን ከነሞፈሩ ተከተላቸው። ውኃ ጠጥተው፣ በጎረቤት ማሳ በኩል አዙረው መለሱት። ዳኛቸው ሳቁን እያፈነ ቀረፀ። ረፋዱ ላይ ግን ፋሲል እልህ ያዘው። መዳፉ ተላልጦ፣ ላቡ ዓይኑን እያቃጠለው፣ አንድ ቀጥ ያለ ፈር አወጣ። በደስታ የሚይዘውን አጣ፤ ከበሬዎቹ አንዱን፣ ቡሬን፣ አንገቱን አቅፎ ሳመው። ከዚያ አቶ ይሻው ፊት ቀርቦ ከወገቡ ጎንበስ አለ። «እንዴት ዋሉ፣ አባቴ?»

አቶ ይሻው ፈሩን አዩ፤ ልጁን አዩ።

«ሰጥቻለሁ።»

ሰብለወንጌል እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ «በጥር» ብለው ጨመሩ። «በግንቦት ልጁን የሚድር የት ታይቷል?»

ሠርጉ የሚቀረፀው በማግስቱ ነበር። ሰብለወንጌል የታረሰው አፈር ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና እስኪያማት ሳቀች።

ምን ታድርግ፣ ሠርጉን ሰርዛ ድራማውን «በጥር» በሚለው ቃል ጨረሰችው። ከተላለፈ በኋላ ተመልካቹ ሠርጉ የት ሄደ እያለ የጣቢያውን ስልክ አላስቀምጥ አለ። ጣቢያውም ሁለተኛውን ምዕራፍ እንድትሠራ አስፈረማት።

በጥር ስትመለስ አቶ ይሻው ጠላ አስጠምቀው፣ ዳስ አስጥለው፣ መንደሩን ሁሉ ጠርተው ጠበቋት። ያ ክፍል ሲተላለፍ መጨረሻው ላይ «ድርሰት፦ ሰብለወንጌልና አቶ ይሻው» የሚል ተጻፈ። አቶ ይሻው ይህን ሲሰሙ ተቆጥተው ደወሉላት።

«እኔ መቼ ጻፍኩ? ተናገርኩ እንጂ!»